ዘመድ ሊጠይቁ የመጡት መምህር

ባለፈው ጥቅምት የአጥር በር ላሠራ ቡራዩ ሄጄ ነበር። የምኖረው ሱሉልታ ነው፤ ቤቱ የልጄና የባሏ ሲሆን እኔ ከጓሮ በኩል አንድ ክፍል ይዤ እጦራለሁ። ሱሉልታ ብረት ሠሪ ጠፍቶ አይደለም፤ የቡራዩዎቹ ብየዳ አይለቅም ብሎ ጎረቤታችን አሳምኖን ነው። ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ በአንድ ወገን የሶፋ እንጨት በሌላው ወገን የብሎኬት ክምር በተደረደረበት ቅያስ ውስጥ የተጠቆመልኝን ብየዳ ቤት አገኘሁና ልኬቱን ለባለሙያው ማስረዳት ጀመርኩ። ብርሃኑ የሚባል ጎልማሳ ነው። ሜትሩን ዘርግቶ ብረቱን በጠመኔ እያመለከተ ለብቻው ያሰላል። ሦስት ቦታ እኩል ሊከፍለው የፈለገው ብረት አልከፈል ብሎት ምልክቱን ሁለት ጊዜ በመዳፉ ሲያጠፋ፣ በግቢው ጥግ የተገለበጠ የቢራ ሳጥን ላይ ተቀምጠው ፀሐይ የሚሞቁ አንድ ሽማግሌ ድምፃቸውን አሰሙ።

«ብርሃኑ፣ ክፍልፋይ ሳታውቅ ብረት አትቁረጥ ብዬህ አልነበረም? መጀመሪያ መጋዙ የሚበላውን ቀንስ፤ ከዚያ አካፍል!»

«እሺ መምህር፤ ዛሬም ያንበርክኩኝ!» አለና ብርሃኑ ወደ እኔ ዘወር ብሎ ሳቀ። «ዐይናቸው ደክሟል፤ ስሳሳት ግን ይሰማቸዋል።»

ድምፁን አወቅሁት። እውነቱን ለመናገር ያወቅሁት ድምፁን ይሁን፣ ወይስ «መምህር» የሚለውን ቃል ከሰማሁ በኋላ ድምፁን ራሴ አዘጋጅቼው ይሁን ዛሬ እርግጠኛ አይደለሁም። ከዕድሜዬ እኩሌታ የሚበልጥ ዘመን አልፏል። ጠጋ ብዬ፣ «ይቅርታ አባቴ፣ ድሮ ከተፍኪ ማዶ፣ ወደ ተጂ በሚወስደው መንገድ አስተምረው ያውቃሉ?» አልኳቸው።

«አንተ ማነህ?»

«አንድ ጊዜ ለመንግሥት መረጃ ልሰበስብ መጥቼ ነበር። ትልቅ መዝገብ ይዤ...»

«ቆጣሪው!» አሉና ጉልበታቸውን መቱ። «የገበሬዎቹ ሊቀ መንበር ኦቦ ቶሎሳ እኮ እስኪሞት ድረስ ‹ያ ቆጣሪ ተመልሶ ይመጣ ይሆን?› እያለ ደጅ ደጁን ሲያይ ነው የኖረው። ምን ያቆምሃል፣ ተቀመጥ እንጂ!» ከሳጥኑ ላይ ፈቀቅ ብለው ቦታ ሰጡኝ።

መምህር ደሳለኝ እኚህ ናቸው። ከብየዳ ቤቱ ጀርባ በቆርቆሮ በተከፈለች አንዲት ክፍል ይኖራሉ። የግቢው ባለቤት ሥራውን ሊያሰፋ ስለፈለገ ከጥምቀት በፊት እንዲለቁ ነግሯቸዋል። ሚስታቸው ሞታለች፤ ልጅ የላቸውም። ከከተማው ወጣ ብሎ ለአረጋውያን የተሠራ አንድ መኖሪያ አለ፤ ምግብም፣ ሕክምናም፣ የዐይን ሐኪምም አለው። አንድ አልጋ እንደሚለቀቅ ሰምተው አመልክተዋል። ቤቱ ጧሪ ለሌላቸው ሆኖ ቅድሚያ የሚሰጠው ግን በሕዝብ አገልግሎት ላይ ለቆዩ ሰዎች ነው። «አስተማሪ ነበርኩ ስላቸው ማስረጃ አምጣ አሉኝ» አሉኝ። «እኔ ዘጠኝ መኸር ያስተማርኩት በገበሬው ጤፍ ነው። የደመወዝ መዝገብ ላይ ስሜ የለም። ኦቦ ቶሎሳ የለ፤ የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር የለ። መንደሩም ቢሆን ያው ፋብሪካ ውጦት ሰዉ ተበትኗል። ከመንግሥት ወገን መጥቶ ክፍል ውስጥ ቆሜ ያየኝ ሰው አንተ ብቻ ነህ።»

«ማየት ብቻ ሳይሆን ጽፌዎታለሁ» አልኩ። ይህን ስል ምን ያህል እንደ ተኩራራሁ አስታውሳለሁ። «በቅጹ ኅዳግ ላይ፣ በእርሳስ፣ በስምዎ ጽፌዎታለሁ።»

ያ ዘመን የትኛው እንደ ነበር በዓመተ ምሕረት ልናገር ብል እሳሳታለሁ። የማስታውሰው ልብሱን ነው። ከዩኒቨርሲቲ በወጣሁ በሁለተኛው ዓመት፣ ከትከሻዬ የሚሰፋ ቡናማ ሳፋሪ ኮት በሁለት ወር ዱቤ አሰፍቼ፣ አራት ኪስ ስለ ነበረው በአራቱም ውስጥ እስክሪብቶ ሰክቼ እሄድ ነበር። ሰበታ ድረስ አውቶቡስ እንይዛለን፤ ዋጋው አንድ ብር ከስሙኒ ነበር ልበል? ባልደረባዬ በሕይወት ሳለ ሰባ አምስት ሳንቲም ነው ብሎ ይከራከረኝ ነበር። ሰበታ ስንደርስ ፈረቃ የሚገቡት የፋብሪካ ሠራተኞች መንገዱን ሞልተውት እናገኛቸዋለን፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው፣ ወንዶቹ ምሳቸውን በቢጫ ፌስታል ጠቅልለው። ከአውቶቡስ መውረጃው ፊት ለፊት፣ መዝጊያው አረንጓዴ የተቀባ ሻይ ቤት ነበር። ሻይ በአሥራ አምስት ሳንቲም፣ ትኩስ ቦምቦሊኖ በስሙኒ። ባለቤቱ ያለችው አንዲት ካሴት ነበረች፤ ከዘፈኖቿ መካከል ስለ ዘገየ ደብዳቤ የሚያዝነው ሲደርስ ሠራተኞቹ ብርጭቋቸውን ይዘው ዝም ይላሉ። ዛሬ በዚያ በኩል ሳልፍ ሻይ ቤቱ የቱ ጋ እንደ ነበር መለየት አልችልም። ባንክ ነው ወይስ የሞባይል መሸጫ የተተካው? እግሬ አንዱ ጋ ይቆማል፤ ዐይኔ ሌላውን ያያል።

ሥራችን የአገሪቱ ትምህርት፣ ጤናና ማኅበራዊ አገልግሎት በዓመት ምን ያህል እንዳመረተ መገመት ነበር። ስንዴ በኩንታል፣ ሲሚንቶ በከረጢት ይቆጠራል። ማንበብ የቻለች ልጅና ሳትሞት የወለደች እናት ግን ገበያ ስለማይወጡ ዋጋቸው የሚታወቀው በወጣባቸው ወጪ ነው፤ የመምህሩ ደመወዝ ከጠመኔው፣ የነርሷ ደመወዝ ከመርፌው ጋር ይደመርና ምርት ይባላል። ዘዴው የእኛ ፈጠራ አልነበረም፤ በመማሪያ መጻሕፍት ያለ፣ ዛሬም የሚሠራበት ነው። አለቃችን፣ «መምህሩ ጎበዝ ይሁን ሰነፍ እኛን አይመለከትም፤ ደመወዙን ጻፉ» ይሉን ነበር። ደመወዝ የሌለው መምህር ያስተማረው ትምህርት ምን እንደሚሆን የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። ወይም ጠይቀን መልሰውልን ነበር፤ እኔ ረስቼው ይሆናል። ቅጹ ላይ ግን አንድ ጠባብ ዓምድ ነበረች፤ ከበጀት ውጭ በሕዝብ መዋጮ፣ በገንዘብም ሆነ በዐይነት፣ የሚሠራ ሰው ካለ የሚጻፍባት።

መንደሩ ከአስፋልቱ ወደ ግራ ተገብቶ፣ በበቾ ጥቁር አፈር ላይ የአንድ ሰዓት ተኩል የእግር መንገድ ነበር። ኅዳር ሳይሆን አይቀርም፤ ጤፉ ታጭዶ ሽምብራው እሸት ነበርና። ጫማዬ ጭቃውን ተሸክሞ ስደርስ፣ የገበሬዎቹ ሊቀ መንበር ኦቦ ቶሎሳ ጋቢያቸውን አጣፍተው «አካም ጅርታ፣ አካም ጅርታ» እያሉ ተቀበሉኝ። ትምህርት ቤቱ ሁለት የጭቃ ክፍል ነው፤ እስከ ስድስተኛ ያስተምራል። በመንግሥት በጀት ያለው ዳይሬክተሩ ብቻ ሲሆን እሱም ያን ቀን ወባ ይዞት ተኝቷል። ትልልቆቹ ልጆች ወደ ተቀመጡበት ክፍል ስንገባ አንድ ሰው ጥቁር ሰሌዳው አጠገብ ቆመዋል፤ ክርናቸው ድረስ ጠመኔ ነው። ልጆቹ ሁሉ ብድግ ብለው ወደ እኛ ሳይሆን ወደ እሳቸው ተመለከቱ፤ ተቀመጡ እስኪሏቸው።

መዝገቤን ከፍቼ፣ «ሕዝቡ አዋጥቶ የቀጠረው መምህር አለ? በእህልም ቢሆን የሚከፈለው?» አልኩ።

ኦቦ ቶሎሳ እህል የምትለዋን ቃል ሲሰሙ ፊታቸው ተለወጠ። «እህል? የምን እህል? ሆማ ሂንቀብኑ! ምንም የለንም! ለዘር እንኳ ያጣን ሰዎች ነን።» በመስኮቱ በኩል አውድማ ላይ የተከመረው ጤፍ ቁልጭ ብሎ ይታያል። እሳቸውም እንደሚታየኝ አይተው ጀርባቸውን ለመስኮቱ ሰጥተው ቆሙ። በዚያ ዘመን እህል የቆጠረ ሁሉ ኋላ መጥቶ ይወስድ ነበር፤ በፍርሃታቸው ልንፈርድባቸው አንችልም። ለመምህሩ በየቤቱ ሦስት ሦስት ቁና ጤፍ እንደሚሰፈር ከታወቀ ትርፍ አላችሁ ይባላሉ።

«ታዲያ እኚህ ሰው ማን ናቸው?»

«እሱማ እንግዳ ነው። ዘመድ ሊጠይቅ መጥቶ ነው።»

ወደ ሰውዬው ዞርኩ። «የማን ዘመድ ነዎት?»

«የሁሉም» አሉ።

ከኋላ ያሉ ልጆች አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳስበው ሳቁ ነው የሚያሳፍረኝ፤ ሁላችንም እውነቱን እያወቅን በአንድ ክፍል ውስጥ ተሳስቀን ጻፍነው። ከበጀት ውጭ የሚያስተምር፦ የለም። ኦቦ ቶሎሳ በጣት አሻራ የሚፈርሙ ስለሆኑ ቅጹ ማንበብና መጻፍ የሚችል ምስክር ይፈልግ ነበር። ከዚያ መንደር ዳይሬክተሩ ከታመመ ሌላ ማን ይጽፋል? እንግዳው እስክሪብቶዬን ተቀብለው፣ እንደ ማተሚያ ቤት ፊደል በተስተካከለ እጅ ጽሑፍ ስማቸውን አሰፈሩ። ኦቦ ቶሎሳ በደስታ አንድ እቅፍ እሸት ሽምብራ አሸክመው ሸኙኝ።

ከዚህ በኋላ ያለው ነው ሕይወቴን ሙሉ ይዤው የኖርኩት። ማታ ሰበታ ስደርስ አውቶቡስ እስኪመጣ ያቺ አረንጓዴ በር ያላት ሻይ ቤት ገባሁ። መዝገቡን ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁ። ከሳፋሪ ኮቴ ኪስ እርሳስ አውጥቼ በቅጹ ግራ ኅዳግ ላይ፣ «መምህር ደሳለኝ የሚባሉ ሰው በሕዝብ መዋጮ ከፍተኛ ክፍሎችን ያስተምራሉ፤ ፈርተው ሸሽገዋል፤ ይጣራ» ብዬ ጻፍኩ። ያ የደብዳቤው ዘፈን እየተዘፈነ ነበር። ሻዬ ቀዝቅዞ ስለ ነበር ባለቤቱ ሳልጠይቀው ለወጠልኝ፤ ሁለተኛውን አላስከፈለኝም። በተከታዩ ዓመት በትምህርት ቤቱ አንድ መምህር ብቻ ስለ ተመዘገበ አምስተኛና ስድስተኛ ክፍል እንደ ተዘጋ፣ ልጆቹም በእግራቸው ተፍኪ ሄዳችሁ ተማሩ እንደ ተባሉ ስሰማ አዘንኩ፤ ራሴን ግን አልከሰስኩም። እኔ ጽፌያለሁ፤ ያላነበበው ሌላ ሰው ነው አልኩ። በዚህ ነው ስተኛ የኖርኩት።

መምህር ደሳለኝና እኔ ወደ አረጋውያኑ መኖሪያ አብረን ሄድን። መዝገብ ክፍል ያገኘናት ሐና የምትባል ወጣት ትሁት ልጅ ነበረች፤ ለመምህሩ ወንበሩን ራሷ ስባ አስቀመጠቻቸው። ታሪኩን ሰምታ፣ «ሰነድ ከሌለ ሁለት በዕድሜ የገፉ ምስክሮች በጽሑፍ ቃላቸውን ከሰጡ ለኮሚቴው አቀርበዋለሁ። ከዚህ በፊትም ያለፈላቸው አሉ። እርስዎ አንዱ ከሆኑ አንድ ብቻ ነው የሚቀረን» አለችን።

መምህር ደሳለኝ ፊታቸው በራ። «ከጥንት ተማሪዎቼ አንዷ እዚሁ ቡራዩ አለች፤ አያት ሆናለች» አሉ። ነገሩ በዚያው ባበቃ ነበር። እኔ ግን ዕድሜዬን በሰነድ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ የቃል ምስክርነት ደካማ ማስረጃ ነው እያልኩ ስንቱን ወጣት ያስተማርኩ። «ምን ምስክር ያስፈልጋል የመንግሥት ሰነድ እያለ!» አልኩ። «ቅጹ ይገኛል። በራሴ እጅ ተጽፏል።»

«እንዲያ ከሆነማ ጥያቄውም የለ» አለች ሐና፤ ደብዳቤም ጽፋ ሰጠችኝ።

መምህሩ መንገድ ላይ፣ «ምስክሮቹ ይሻሉ ነበር፤ ወረቀት አመሉ አይታወቅም» አሉኝ። «አይስጉ» አልኳቸው። ደብዳቤውን ወደ ቀድሞ መሥሪያ ቤቴ መዛግብት ክፍል ወሰድኩ። ድሮ በእጄ ሥራ የለመደ ሰው እዚያ ስላለ አስፈለገልኝ፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ ደውሎ ተገኝቷል አለኝ። ልየው ብዬ ብጠይቀው ደንቡ እንደማይፈቅድ አስረዳኝ፤ መልሱ በታሸገ ፖስታ፣ ከመሥሪያ ቤት ወደ መሥሪያ ቤት ብቻ ይላካል። ይህን ደንብ ካወጡት ሰዎች አንዱ እኔ ነበርኩ መሰለኝ።

ፖስታው የደረሰ ቀን ብቻዬን ሄድኩ። ሐና የገቢ ደብዳቤ ቁጥር ሰጥታ፣ ማኅተሙን ቀድዳ አነበበች። እንደገናም አነበበች። ከዚያ ወረቀቱን አዙራ ወደ እኔ ገፋችው። የወጣትነቴ እጅ ጽሑፍ ነው፤ ሲያዩት የሚያፍሩበት ዐይነት፣ በጌጥ የተሞላ። ከበጀት ውጭ የሚያስተምር፦ የለም። ከሥሩ ያ የተስተካከለ ጽሑፍ፦ ምስክር፣ ደሳለኝ፤ እንግዳ፣ ዘመድ ሊጠይቅ የመጣ። የግራው ኅዳግ ባዶ ነበር። ወረቀቱን አንስቼ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዝኩት፤ አጋደልኩት፤ በጣቴ ዳበስኩት።

«ጋሼ፣ ፎቶ ኮፒ ነው እኮ» አለች በቀስታ።

«እርሳስ ላይታይ ይችላል። ዋናውን...»

«ዋናው በእርጥበት ስለ ተበላሸ የቀረው ቅጂ ብቻ ነው ይላል ደብዳቤው።»

በቃሌ ልመስክር፣ ያኔ የጻፍኩት ስሕተት ነው፣ ራሴ እፈርማለሁ አልኩ። ክፋት በፊቷ ላይ አልነበረም። «ጋሼ፣ አይቀየሙኝ። ያኔ አውቀው ያለውን የለም ብለው ከጻፉ፣ አሁን የሚነግሩኝ እውነት መሆኑን ኮሚቴውን በምን ላሳምነው? ደግሞ እሳቸውም ፈርመዋል።»

«ፖስታውን እንዳላየሽው ብታደርጊውስ? በምስክሮቹ ብቻ...»

«ቁጥር ተሰጥቶታል» አለች። እኔ ለስንቱ ባለጉዳይ ስመልሰው የኖርኩት መልስ ነበር።

አልጋው በዚያው ወር ለሌላ ሰው ተሰጠ። ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው አሉኝ፤ ደግ አደረጉ፣ እሳቸውም መጠጊያ አያጡ። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የማልጨርሰው ነገር ተጣብቆብኛል። የሻዩን ዋጋ አስታውሳለሁ፤ የበሩን ቀለም አስታውሳለሁ፤ ሁለተኛው ብርጭቆ እንዳልተከፈለበት አስታውሳለሁ። ይህን ሁሉ እያስታወስኩ ያልጻፍኩትን እንደ ጻፍኩ ላስታውስ እችላለሁን? ወይስ ጽፌ ነበር፣ ያጠፋው ማሽኑና እርጥበቱ ነው? ልጄ፣ «አባዬ፣ ተወው፤ ሰውነትህን ትጎዳለህ» ትለኛለች። አንዳንድ ቀን የሻይ ቤቱ በር አረንጓዴ መሆኑም ያጠራጥረኛል።

ለመምህር ደሳለኝ የነገርኳቸው በራሳቸው ክፍል ውስጥ ነው። ዕቃቸውን ከወዲሁ በሁለት ማዳበሪያ ሞልተው አስረዋል። ከቆርቆሮው ወዲያ ብርሃኑ ብረት ይቆርጣል፤ ድምፁ ሲበረታ እያቆምኩ፣ ሲረግብ እየቀጠልኩ ጨረስኩላቸው።

«እንግዳ ብዬ ፈረምኩ?» አሉ። «እንደዚያ ብዬ ጻፍኩ እንዴ? እኔ የማስታውሰው ስሜን ብቻ መጻፌን ነው።»

«ጽፈዋል።»

«እንግዲህ አንተ ብቻ አይደለህማ። በዕለቱ እኮ ‹አስተማሪ ነኝ› ብል ኦቦ ቶሎሳን አሳልፌ መስጠት መስሎኝ ነው። በልጆቹ ፊት!»

ሱሉልታ ይምጡ፣ ከእኔ ጋር አንድ ክፍል ይበቃናል አልኳቸው። «የልጅህ ባል ምን አለ?» አሉ። አልጠየቅኩትም ነበር። ገብቷቸው፣ «ብርዱንም አልችለው» ብለው ከኀፍረት አወጡኝ። ከዚያ ለቀበሌው የሚገባ አንድ ማመልከቻ እንድጽፍላቸው ለመኑኝ፤ ጊዜያዊ መጠለያ ካለ፣ ባይኖርም እስከ ክረምት ድረስ ባለቤቱን እንዲያነጋግሩላቸው። ወረቀት አውጥቼ ጉልበቴ ላይ ጻፍኩ፤ ስም፣ ዕድሜ፣ የቤት ቁጥር። የቀድሞ ሥራ የሚባልበት ላይ ስደርስ እስክሪብቶዬ ቆመ። መምህር ቢባል ማስረጃ ይጠይቃሉ፤ ማስረጃው ደግሞ አሁን ቁጥር ተሰጥቶት ፋይል ውስጥ ተቀምጧል። ቦታውን ባዶ ትቼ የቀረውን ጨረስኩ።

«በል አንብብልኝ» አሉ፤ ወረቀት ሲነበብላቸው እንደ ልማዳቸው ጆሯቸውን አዘንብለው።

ድምፄን ከብረቱ ጩኸት በላይ ከፍ አድርጌ አነበብኩ። «አመልካች ደሳለኝ፣ ዕድሜያቸው ሰማንያን የተሻገረ፣ ረዳት የሌላቸው፣ የቀድሞ ሥራቸው...» ብዬ ባዶው ላይ ቆምኩ። መምህር ደሳለኝ አልተቆጡኝም፣ አላቋረጡኝምም። አንገታቸውን እንዳዘነበሉ፣ ከባድ ቃል ላይ የደረሰ ተማሪ ራሱ እስኪወጣው እንደሚጠበቅ፣ በትዕግሥት ጠበቁኝ።

አልወጣኝም።